ጥርሴን የቀየርኩበት ዓመት

የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ ብዙ ሰው ያስፈራል። ለኔ ግን የአክስቴ የብርቄ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከውስጥ የቅርንፉድ ዘይት ሽታ መጣና እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ዓይኔ እንባ ሳይሞላ አልቀረም። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ "በጣም ያምሻል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። "አይ፣ አክስቴ ትዝ ብላኝ ነው" አልኳቸው። የሳቸው ጉንጭ አብጦ ስለነበር ወሬውን አልገፉበትም።

ብርቄ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ስለምትውል፣ ያሳደገችኝ ብርቄ ናት ብል ማንንም አልበድልም። መጀመሪያ ከሐይቁ ማዶ ገጠር ነበርን፤ አራት ዓመት ሲሞላኝ ተያይዘን ከተማ ገባን። በዚያ በምነግራችሁ ዓመት ብርቄ ትምህርት ቤታችን በር ላይ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ትሸጥ ነበር። ዳጣዋ ስም ያወጣ ነው፤ ልጆቹ እንባቸው እየወረደ "እትዬ ብርቄ፣ ጨምሪልኝ" ይሏታል።

ጉንጯ ሥር ሁልጊዜ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ አለ። ስታወራ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ሳቅ ከመጣባት ደግሞ ፊቷን ወደ አጥሩ ታዞራለች። እኔ ሴት ልጅ ስታድግ እንደዚያ መሳቅ ያለባት ይመስለኝ ስለነበር እኔም ዞሬ እስቅ ነበር። እናቴ አንድ ቀን አይታኝ "አንቺ ልጅ፣ አጥሩ ምን አድርጎሽ ነው የምትስቂበት?" አለችኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የብርቄ ጥርስ ቡናማ ነበር፤ አንዳንዱም ላዩ ተቦርቡሯል። ልጅ ሆና እናቷ "ሸንኮራ እየሰረቅሽ ስለምትበዪ ነው" ብለዋት፣ ብርቄ ያንን ቃል እንደተፈረደባት ፍርድ ተቀብላ ኖራለች። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ቆማ በመፋቂያ፣ በከሰል፣ በሎሚ፣ ሲብስባትም በአሸዋ ትፈትገዋለች። ድዷ ይደማል። ሕመሙን ቅርንፉዱ ያስታግስላታል፤ ቡናማው ግን ንቅንቅ አይልም። ፎቶ ተነሺ ሲሏት ከንፈሯን ገጥማ፣ የተቆጣች መስላ ነው የምትነሳው። በሕይወቴ ከሷ በላይ ቁጣ የማታውቅ ሴት አላየሁም።

የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ማቴዎስ ይባሉ ነበር። ምንም ነገር "ይገርማችኋል" ብለው ካልጀመሩ መናገር አይችሉም። "ይገርማችኋል፣ ነገ ፈተና አለ" ሁሉ ይሉ ነበር። የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ የሚመሩት እሳቸው ስለነበሩ፣ በእረፍት ሰዓት "ይህን ያውቃሉ?" የተባለውን ፕሮግራም እንዳነብ መረጡኝ። ድምፄ ከቁመቴ ይበልጣል ብለው ነው። ክፍሏ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አቧራና የጋለ ሽቦ ትሸታለች። ወንበር ላይ ቆሜ "ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ!" ስል፣ ድምፄ ዛፉ ላይ ከተሰቀለው ስፒከር ወጥቶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ በመስኮቱ ተመልሶ ይመጣብኛል። በዚያ ሰዓት የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ብርቄ በር ላይ ሆና ትሰማኛለች። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፤ ነገር ግን እንደሷ የሚደነቅ አድማጭ አላገኘሁም። ኦክቶፐስ የሚባል የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አለው ብዬ ያነበብኩ ቀን "ሦስት! እኔ በአንዷም አልተቻለኝ" አለች። ቬኑስ በራሷ ዛቢያ አንዴ ዞራ ሳትጨርስ ፀሐይን ዞራ ትጨርሳለች ስል ደግሞ እኔው ራሴ ተጨነቅሁ። እዚያ ያሉ ተማሪዎች የመጀመሪያው ቀን ሳይመሽ ወደሚቀጥለው ክፍል ማለፋቸው ነው፤ መቼ ያጠናሉ? ብርቄ ድንች እየላጠች አሰበችበትና "እዚያ ሂሳብ መያዝ የማይችል ነጋዴ አለቀለት" አለች።

ጉማሬ ሲሞቀው ከቆዳው ቀላ ያለ ፈሳሽ እንደሚወጣውና ከፀሐይ እንደሚጠብቀው ሳነብ ግን ጮኻ ነው የተነሳችው። ልጅ ሆና ሐይቁ ዳር እንዲህ ያለ ጉማሬ አይታ፣ ሰው የወጋው መስሏት አልቅሳለታለች። "ያን ሁሉ እንባ!" አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። "ለካ ቅባት ተቀብቶ ነው።"

አንድ ቀን ብቻ ይህ ነገር አስቀጣኝ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ሲሞቀው ለመቀዝቀዝ ብሎ እግሩ ላይ እንደሚጸዳዳ፣ እግሩ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ የሚመስለውም ለዚያ እንደሆነ አነበብኩ። እውነት ነው፤ የፈለገ ሰው ዓሣ ገበያው ጋ ሄዶ ይይ። ችግሩ ዳይሬክተራችን በዚያን ቀን ነጭ ካልሲ አድርገው ሜዳው መሃል መቆማቸው ነው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ እግራቸውን አየ። እኔ ክፍሏ ውስጥ ስለነበርኩ ሳቁን እንደ ጭብጨባ ቆጥሬ፣ ደስ ብሎኝ አረፍተ ነገሩን ደገምኩት።

የፊት ጥርሶቼ መውለቅ የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። በኛ ግቢ ወግ የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ ይወረወራል፤ ወፍ ትወስደውና በምትኩ የራሷን ነጭ ጥርስ ትሰጣለች ይባላል። ብርቄ ይህን ሥራ እንደ ቀልድ አላየችውም። ጥርሴን በውሃ አጠበችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው፣ "ነጭ ስጪን በይ፤ ጮክ ብለሽ በይ" አለችኝና ቆርቆሮው ላይ ወረወርነው። በሳምንቱ ቲቸር ማቴዎስ ከሰጡኝ ንባብ ውስጥ "ወፎች ጥርስ የላቸውም" የሚል ወጣ። ስንወጣ ሮጬ ሄጄ "ጥርስ ከሌላት ምን ልትሰጠኝ ነው?" አልኳት።

ብርቄ የያዘችውን ድንች ልጣ ጨረሰች። "ስለሌላት ነዋ የምትሰበስበው" አለች በመጨረሻ።

አዲሶቹ ጥርሶች ብቅ ሲሉ ግን ነጭ ነበሩ! እንደ ጠመኔ ነጭ። ብርቄ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዙራ አየቻቸውና እልል አለች። ለእናቴ አሳየቻት፣ ለጎረቤት አሳየቻት፣ ድንች ሊገዙ ለመጡ ልጆች ሳይቀር "ክፈችላቸው" አለችኝ። ያንን ደስታዋን አሁንም ሳስበው ልቤ ይሞቃል። ነጭነታቸው ግን ከላይ ብቻ ነበር። የጠመኔው ነጭ ቀስ በቀስ ነጠብጣብ አወጣ፤ ነጠብጣቡ መስመር ሆነ፤ ሚያዝያ ላይ የፊት ጥርሶቼ መሃላቸው ቡናማ ነበር።

ልጆቹ "ዝገት" የሚል ስም አወጡልኝ። አጭር ስለሆነች በሩጫ ላይም ለመጥራት ትመቻለች። ከዚያ በኋላ እጄ በራሱ ጊዜ አፌ ላይ መውጣት ጀመረ። አንድ ጠዋት ብርቄን ተከትዬ ጓሮ ወጣሁና ከሰሉን አንስቼ መፈተግ ጀመርኩ። ከእጄ ነጠቀችኝ። ከዚያ አጎንብሳ፣ ማንም እንዳይሰማ በሹክሹክታ፣ "እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ሸንኮራ ሰርቀሽ በልተሻል?" አለችኝ።

በልቻለሁ። አንድ ጊዜ፣ ከጎረቤት፣ አንዲት አንጓ። እሷን ስናዘዝ ብርቄ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለታችንም የተያዝን ሌቦች ሆነን ጓሮ ቆምን። በቃ፣ የአንዲት አንጓ ቅጣት ዕድሜ ልክ መሆኑን ያኔ አመንኩ።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ነበር። በዚያን ቀን "ይህን ያውቃሉ?" ከክፍሏ ወጥቶ ሜዳው ላይ፣ መድረክ ላይ፣ ወላጅ ሁሉ እያየ ይነበባል። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። አላነብም አልኩ። ቲቸር ማቴዎስ ሚኒ ሚዲያው ክፍል አስጠሩኝና ወንበሩን ሳቡልኝ።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም።" እጄ አፌ ላይ ነው።

"እጅሽን አንሺው እስቲ።" አላነሳሁም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። "ከተማ ነው የተወለድሽው?"

"ከሐይቁ ማዶ ነው።"

"እስከ ስንት ዓመትሽ እዚያ ነበርሽ? ውሃስ ከየት ነበር የምትጠጡት? ከፓምፕ?"

ከፓምፕ መሆኑን ከብርቄ ወሬ አውቅ ስለነበር ራሴን ነቀነቅሁ። ቲቸር ማቴዎስ ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። "ይገርምሻል" አሉ፣ እና ይህን ቃል በትክክለኛ ቦታው ሲጠቀሙበት ያየሁት በዚያን ቀን ብቻ ነው። "ይገርምሻል፣ አሁን የበቀለው ጥርስሽ አሁን የተሠራ አይደለም። ገና ስትድሂ ድድሽ ውስጥ እየተሠራ ነበር። ሕፃን ሲስቅ የምናየው አንዱን ረድፍ ነው፤ ከሥር ሌላው ረድፍ ተደብቆ ተራውን ይጠብቃል።"

ከዚያ ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ ሐይቁን ሳሉ፣ ዙሪያውን ተራራ አደረጉለት። ይህ የምንኖርበት ጎድጓዳ ቦታ በጥንት ዘመን ፈንድቶ የሰመጠ እሳተ ገሞራ ነው አሉኝ። ከመሬት ሥር ያለው ውሃ በዚያ እሳት በተፋው አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይዞ ይወጣል፤ ጥቂቱ ለጥርስ ደግ ነው፣ ሲበዛ ግን በመሠራት ላይ ያለውን ጥርስ ያበላሸዋል። በዓይን አይታይም፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ግን አለቱን ስላልነካ ይህ ነገር የለበትም።

"ሸንኮራው አይደለም?" አልኩ።

"ምን ሸንኮራ?"

"መፈተግስ?"

"ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ እኮ አይደለም። በከሰል ብትፈትጊው ጥርስሽን ትጨርሺዋለሽ እንጂ ቀለሙ አይለቅም።" ከዚያ የጥንት ሰዎችን ነገር ጨመሩልኝ። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ከብዙ ሺህ ዘመን በፊት የሞቱ ሰዎች አጽም ሲገኝ፣ ከሁሉ ቆይቶ የሚገኘው ጥርስ ነው፤ ሳይንቲስቶች ጥርሱን መርምረው ሰውየው ምን ይበላ እንደነበር፣ የት አካባቢ እንዳደገ ያውቃሉ። እኔ ሳይንቲስቶቹ ወደኔም የሚመጡ መስሎኝ "መቼ ነው የሚመጡት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ኧረ አይቸኩሉም" አሉኝ።

ከክፍሉ እስከ በሩ በአንድ ትንፋሽ ነው የሮጥኩት። ለብርቄ ከዚህ የበለጠ ስጦታ ማን ይዞላት መጥቶ ያውቃል? ድንቹን እንኳ እንድታስቀምጥ ጊዜ ሳልሰጣት ሁሉንም አፈሰስኩት፤ እሳቱን፣ አለቱን፣ ድድ ውስጥ የሚሠራውን ጥርስ። "ሸንኮራው አይደለም! ያንቺም አይደለም! ውሃው ነው፣ የፓምፑ ውሃ!"

መጀመሪያ ፊቷ በራ። "እናቴ እኮ…" አለችና ተወችው። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ቢላ አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ አፌን አየችው። ፊቷ ሲጠፋ አየሁ።

"ለካ እኔ ነኝ" አለች።

አልገባኝም ነበር። "ኩሬው እኮ ደጃችን ነበር" አለች። "ከብት ይረግጠዋል፣ ደፍርሶ ነው የሚውለው፤ ሕፃን ሆድ ያማል አልኩ። እናትሽ አደራ ብላ ሰጥታኛለች። ስለዚህ አንቺን አዝዬ፣ ጀሪካኑን ይዤ፣ ፓምፑ ድረስ እወርድ ነበር። ጥርት ያለውን ልስጣት ብዬ። በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ፀሐይ አደርገውና አየው ነበር እኮ! ምንም የለበትም። ምንም አይታይበትም።" ድንቹን ቅርጫቱ ውስጥ መልሳ ጣለችው። "በገዛ እጄ።"

በማግስቱ በር ላይ አልመጣችም። በተከታዩም ቀን። ቤት ስገባ ወጥ ሠርታ፣ ልብሴን አጥባ፣ ፊቷን ግን ከኔ አዙራ አገኛታለሁ። ቅርንፉዱም ሽታው ከቤት ጠፋ። የጥርሴን ነገር ረሳሁት፤ ብርቄን ያጣኋት መሰለኝ፣ ያጣኋትም በራሴ ምላስ ነበር። በሦስተኛው ቀን እያለቀስኩ ጓሮ ተከተልኳት።

"አልተናደድኩብሽም እኮ" አልኳት።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ማስጣቷን ቀጠለች።

"አንቺንስ ማን አጠጣሽ?"

"እናቴ ነቻ።"

"እሷንስ?"

"እናቷ። ያኔ ፓምፕ አልነበረም፤ ከምንጭ ነው።"

"ያቺንስ ማን አጠጣት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! የእናቷ እናት።"

"የሷንስ እናት?" ቲቸር ማቴዎስ የነገሩኝ የጥንት ሰዎች ጋ እስክንደርስ አላቆምኩም። ብርቄ እዚያ ላይ ሳቋ መጣባት። እያለቀሰች ሳቀች፤ ወደ አጥሩም ሳትዞር። ሙሉ ጥርሷን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከኔ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ከዚያ ሳቋን በድንገት አቆመች።

"ፓምፑ እኮ አሁንም አለ" አለች። "ዛሬም ጠዋት ቀድተውበታል።" ትከሻዬን ያዘችኝ። "የወላጆች ቀን ከማዶ ሰው ይመጣል አይደል? ልጆቻቸውን እዚህ የሚያስተምሩ?"

"ይመጣል።"

"እንግዲያውስ ታነቢዋለሽ። ያንን የጥርሱን ነገር።"

"ጥርሴ ይታያል።"

"ይታይ" አለች ብርቄ። "ካላዩት ማን ያምንሻል?"

ስለዚያ ቀን ብዙ ጀግንነት ማውራት አልችልም። መድረኩ የተማሪ ዴስክ ተገጣጥሞ ነው የተሠራው፤ ስረግጠው ይንቋቋል። ወላጆች ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዳይሬክተሩ ጥቁር ካልሲ አድርገዋል፣ ሰማዩ ከታቦር ተራራ በኩል ጠቁሯል። ቲቸር ማቴዎስ ማይኩን ወደኔ ዝቅ አደረጉልኝ። ከኋላ አንዱ "ዝገት!" ብሎ ጮኸ። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ "ጤና ይስጥልኝ" አልኩ፣ እና ሁሉንም እያየኋቸው አነበብኩ። ጥርስ ድድ ውስጥ እንደሚሠራ። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ላይሆን እንደሚችል። የኛ ጥርስ ቡናማ የሆነው ስለቆሸሽን ወይም ስለሰረቅን አለመሆኑን። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከንባቡ ላይ አልነበረችም፤ "ይህ የኔ ጥርስ ነው" የምትል ነበረች።

ጭብጨባው መካከለኛ ነበር። ከኔ ቀጥሎ ሰርከስ ስለነበረ ብዙው ሰው እሱን ነው የሚጠብቀው። እኔ የፈለግሁት ብርቄን ነበር፤ ከኋላ ከድንች ባልዲዋ አጠገብ ቆማ፣ እጇን ወደ ታች አድርጋ አየኋት። ከዚያ ሰርከሱ ሳይጀመር ዝናቡ ወረደ። የሰኔ የሀዋሳ ዝናብ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ወላጁም ተማሪውም ሰርከሰኛውም በአንድ ላይ ተሯሩጦ የመማሪያ ክፍሎቹ ጣራ ሥር ተጠጋ። እኔም ተጋፍቼ ብርቄ ጋ ደረስኩና ቀሚሷ ውስጥ ገባሁ።

አንዲት ወጣት ሴት ሰው እየገፋች ወደኛ መጣች። ሕፃን አዝላለች፤ ከማዶ መሆኗን ብርቄ ከአነጋገሯ አወቀች። ሴትዮዋ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ የብርቄን አፍ አየች። አማርኛዋ እየከበዳት፣ ቃል እየመረጠች ነበር የምትናገረው።

"እትዬ፣ እኛም ከፓምፑ ነው። ይቺ የኔ ልጅ ገና ጥርስ አላወጣችም።" ሕፃኗን ከጀርባዋ ወደ ጎን አዙራ አሳየችን፤ ልጅቷ ባዶ ድዷን ከፍታ ሳቀችብን። "ውሃውን ብንቀይርላት ይደርሳል?"

ብርቄ ሕፃኗን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ድንች የምትሸጥበትን ባልዲ ውስጡን ገልብጣ፣ ድንቹን ሁሉ መሬት ላይ ደፋችው፤ ከጣራው ጠርዝ እየተንዶለዶለ ከሚወርደው ውሃ ሥር አስቀመጠችውና ቀና አለች።

"ይደርሳል እህቴ" አለቻት። "ይደርሳል።"